«ጨጓራ ነው» ተብሎ የታለፈ ሕመም ልብ ቢሆንስ?



እንበል፣ የ58 ዓመት አባት ከገበያ ሲመለሱ ከእምብርታቸው በላይ ያቃጥላቸዋል፤ ያቅለሸልሻቸዋል፤ ላብ ያጠምቃቸዋል። ቤተሰብ «ጨጓራ ነው፣ አምቦ ውሃ ይጠጡ» ይላል። ብድግ ሲሉ ግን ዓይናቸው ይጨልምና ይወድቃሉ። የልብ ምታቸው ሲቆጠር በደቂቃ 38 ብቻ!

ጨጓራና የልብ ምት ምን አገናኛቸው?

ልብ የራሱ መብራት አለው። ከላይ በቀኝ በኩል ያለው «ጄኔሬተር» ዕረፍት ላይ ስንሆን በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ምልክት ይልካል። ምልክቱ መሃል ላይ ባለች ጣቢያ አልፎ ወደ ታችኞቹ ክፍሎች ይወርዳል። በአብዛኛው ሰው ይህችን ጣቢያ የሚመግባት የቀኙ የልብ ደም ቧንቧ ነው። ያው ቧንቧ ከሆድ በላይ የተቀመጠውን የልብ የታችኛውን ግድግዳም ይመግባል። ስለዚህ ቧንቧው ሲዘጋ የሆድ ማቃጠል፣ ማቅለሽለሽና የምት መዘግየት አብረው ሊመጡ ይችላሉ።

ለምን ይዘገያል?

ደም ሲያንስ ኦክስጅን ያንሳል። ሴሎቹ ኃይል ያጥራቸውና ሶዲየምና ፖታሲየም የሚያመላልሱት ፓምፖች ይደክማሉ። ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ አምፖሉ እንደሚደበዝዘው ማለት ነው። ምልክቱ ይንቀራፈፋል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይቋረጣል። ሌላ ጊዜ ደግሞ በተጎዳው ቦታ ዙሪያ እየተሽከረከረ ልብን ያንቀጠቅጣል፤ ያኔ ደም መርጨት ይቆማል፣ በደቂቃዎች ውስጥም ይገድላል።

ምን እናድርግ?

✅ ማቃጠሉ ከላብ፣ ከትንፋሽ ማጠር፣ ከማዞር ወይም ራስን ከመሳት ጋር ከመጣ «እስኪነጋ» አትበሉ። በሽተኛው በእግሩ አይሂድ፤ አምቡላንስ ጥሩ ወይም መኪና ፈልጉ።
✅ ኢሲጂ እንዲነሳ ጠይቁ። የመጀመሪያው ደህና ቢመስልም ሕመሙ ከቀጠለ ይደገማል።
✅ የሚወስዱትን መድኃኒት ይዛችሁ ሂዱ። እንደ አቴኖሎልና ዲጎክሲን ያሉት ራሳቸው ምት ያዘገያሉ።
❌ ምቱ ደህና ስለሆነ ብቻ «ልብ አይደለም» አትበሉ።

የስኳር ሕመምተኞች፣ ሴቶችና አረጋውያን ደረታቸውን ሳያማቸውም ልባቸው ሊታመም ስለሚችል ለነሱ የበለጠ እንጠንቀቅ።

ደስ የሚለው ነገር፣ በዚህ ቧንቧ መዘጋት የመጣ መቋረጥ ደሙ በጊዜ ከተመለሰ ብዙ ጊዜ በቀናት ውስጥ ይስተካከላል። ሰዓቷ ግን ወሳኝ ናት።

ጨጓራ አለብኝ ለሚል ዘመዳችሁ ሼር አድርጉለት።