«በነፃ ይማራሉ» ስለሚባሉት ተማሪዎች

ስለ አሜሪካ ነባር ሕዝቦች፣ ማለትም ቀድሞ «ቀይ ሕንዶች» እያልን ስንጠራቸው ስለ ነበሩት ሕዝቦች ሲነሣ፣ «እነሱማ ኮሌጅ በነፃ ነው የሚማሩት» ሲባል ብዙዎቻችን ሰምተናል። እኛም ራሳችን ብለናል። አባባሉ ልክ አለመሆኑን የተረዳነው ከመካከላችን አንዷ ስሙን በማንጠቅሰው ኮሌጅ ስትማር አንድ ክፍል አብራት ትኖር የነበረች የነባር ሕዝቦች ልጅ ዓመቱ ሳያልቅ ትምህርቷን አቋርጣ ወደ ቤቷ በተመለሰች ጊዜ ነው። የትምህርት ክፍያ የጠየቃት ማንም አልነበረም። ያስወጣት የመኝታና የምግብ ዕዳ ነው። ስለዚህ ጠይቀንና አንብበን የደረስንበትን ለአንባቢያን ልናካፍል ወደድን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ «በነፃ» የሚለው ወሬ ከየት መጣ? ለዚህ በኮሎራዶ፣ ዱራንጎ ከተማ ያለውን ፎርት ሉዊስ ኮሌጅን እንመልከት። ኮሌጁ ወደ ዱራንጎ ሳይዛወር የነበረበት ቦታ ቀድሞ የጦር ሠፈር፣ ከ1891 ጀምሮ ደግሞ የነባር ሕዝቦች ልጆች ከወላጆቻቸው ተለይተው ቋንቋቸውንና ባህላቸውን እንዲተዉ የሚደረግበት አዳሪ ትምህርት ቤት ነበረ። በ1911 ቦታው ከፌዴራሉ መንግሥት ወደ ኮሎራዶ ሲተላለፍ አንድ ግዴታ ተጻፈበት፤ ይኸውም የነባር ሕዝቦች ተማሪዎች የትምህርት ክፍያ ሳይጠየቁ ከነጮች እኩል፣ ለዘለቄታው እንዲማሩ የሚል ነው። ክፍለ ግዛቱ በ1971 ይህን መብት ለራሱ ነዋሪዎች ብቻ ለማድረግ ቢሞክር ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰና በ1973 ውሉ እንደ ተጻፈ እንዲጸና ተፈረደ። እንግዲህ ይህ ምጽዋት አይደለም፤ መሬት የተሰጠበት የውል ዕዳ ነው። ከእንዲህ ዓይነቶቹ አዳሪ ትምህርት ቤቶች አንዳንዶቹን ያስተዳድሩ የነበሩት አብያተ ክርስቲያናት እንደ ነበሩ ማንበብ ለእኛ ለቤተ ክርስቲያን ልጆች ቀላል አልነበረም፤ እውነት ነውና ግን አንዘለውም።

ውሉ የሚሸፍነው የትምህርቱን ክፍያ ብቻ ነው። መጽሐፍ፣ መኝታ፣ ምግብ፣ መመላለሻ የተማሪው ጣጣ ነው። በዚያ ላይ ሕጉ እንደየቦታው ይለያያል። ሚሺጋን በ1976 ባወጣችው ሕግ ተማሪው የክፍለ ግዛቱ ነዋሪ መሆንና ቢያንስ ከአራት አንድ እጅ የነባር ሕዝቦች ደም እንዳለው ማስመስከር አለበት። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በ2022 የጀመረው ዕቅድ የነዋሪዎቹን ክፍያ የሚሸፍነው ነገዳቸው በፌዴራሉ መንግሥት የታወቀ ከሆነ ነው። ነገዱ ያልታወቀለት ልጅ፣ አያቶቹ እዚያው ምድር ላይ የተቀበሩ ቢሆኑም፣ ውጭ ይቀራል። ይህ ለእኛ ፍትሕ አልመሰለንም።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው የነገድ አባልነት ወረቀት ነው። ማን አባል እንደሚሆን የሚወስነው እያንዳንዱ ነገድ ራሱ ሲሆን፣ መዝገቡን ለማስወጣት የልደት ምስክር ወረቀት፣ የወላጅና የአያት ስም ይጠየቃል። ይህ ጊዜ ይወስዳልና ገና በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳሉ መጀመር ይገባል።

ቀጥሎ «ፋፍሳ» የሚባለው የፌዴራል የገንዘብ ርዳታ ማመልከቻ አለ። የትምህርት ክፍያ የማይጠየቅ ተማሪም ቢሆን ሊሞላው ይገባል። በእርሱ አማካይነት የሚገኘው ፔል ግራንት በ2024–25 የትምህርት ዓመት እስከ 7,395 ዶላር ይደርስ ነበር፤ ብድር ስላልሆነ አይመለስም፤ ለመኝታና ለምግብም ይውላል። የነገዱ የትምህርት ጽሕፈት ቤት የሚሰጠው ገንዘብም ብዙውን ጊዜ ይህ ፎርም መሞላቱን ይጠይቃል። ከዚህ ሌላ በ1989 የተቋቋመው አሜሪካን ኢንዲያን ኮሌጅ ፈንድ ይረዳል፤ እርሱ የነገድ አባል ላልሆነ፣ ነገር ግን ከወላጆቹ ወይም ከአያቶቹ አንዱ አባል ለሆነለት ልጅም በሩን ይከፍታል። ኔቲቭ ፎርዋርድ የሚባለውም አለ፤ በ1969 ሲመሠረት ትኩረቱ ከመጀመሪያ ዲግሪ በላይ የሚማሩት ላይ ነበር።

እዚህ ላይ ብዙዎች የማያውቁት ወጥመድ አለ። ተማሪው ከውጭ 2,000 ዶላር ቢያገኝ ኮሌጁ ከራሱ ርዳታ ያንኑ ያህል ሊቀንስበት ይችላል። ልጁ ደክሞ ድርሰት ጽፎ፣ የድጋፍ ደብዳቤ ለምኖ ያመጣው ገንዘብ ለእርሱ ምንም አልጨመረለትም ማለት ነው። ስለሆነም ሽልማቱን ከመቀበል በፊት ወደ ኮሌጁ የርዳታ ክፍል ሄዶ «ይህ ቢመጣ ከየትኛው ትቀንሳላችሁ?» ብሎ መጠየቅ፣ መልሱንም በጽሑፍ መቀበል ያስፈልጋል። አንዳንድ ኮሌጆች ሲጠየቁ የሚቀንሱት ከብድሩ ነው፤ ይህ ይሻላል። ካልተጠየቁ ግን አይናገሩም።

ያቺ የክፍል ጓደኛ ፋፍሳን ፈጽሞ ሞልታ አታውቅም ነበር። «አንቺ በነፃ ነው የምትማሪው፤ ምን ያደርግልሻል?» ያሏት የገዛ ዘመዶቿ ናቸው፤ በኮሌጁም ያረማት ሰው አልነበረም። በቀጣዩ ዓመት ፎርሙን ሞልታ፣ ቅጂውን ለነገዷ ጽሕፈት ቤት ልካ፣ በመስከረም ተመለሰች። የመኝታው ዕዳ በሁለት ጊዜ ተከፈለ። መጻሕፍቱን የእኛዋ ልጅ አውሳታለች።