ቪታሚን ዲ፦ በሐኪም ዕውቀትና በሐኪም ልማድ መካከል

ሐኪሞች የሚያዙት ሁሉ ሳይንስ ከደረሰበት ዕውቀት ጋር ምንጊዜም ይስማማልን? ለዚህ ጥያቄ ቪታሚን ዲ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። በቅድሚያ የቪታሚኑን ፊዚክስ ባጭሩ እንመልከት፤ ቀጥሎም ዕውቀቱ ወደ ሕክምና ልማድ ሲሻገር ምን እንደገጠመው እናያለን። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከጨረር እስከ አጥንት

ቪታሚን ዲ በአመዛኙ የሚገኘው ከምግብ ሳይሆን ከገዛ ቆዳችን ነው። የሞገድ ርዝመታቸው ከ290 እስከ 315 ናኖሜትር የሆኑ አልትራቫዮሌት ጨረሮች በቆዳ ውስጥ ያለውን 7-ዲሃይድሮኮሌስትሮል ሲመቱት ከሞለኪዩሉ ቀለበቶች አንዱ ይከፈታል፤ ውጤቱም በሰውነት ሙቀት ወደ ቪታሚን ዲ ይለወጣል። ጉበትና ኩላሊት በየተራ ከለወጡት በኋላ አንጀት ካልሲየምን እንዲመጥ ይረዳል። ቪታሚኑ ሲጎድል የሕፃናት አጥንት ይለሰልሳል፣ እግራቸውም ይጣመማል። በሽታው ሪኬትስ ይባላል።

እነዚህ ጨረሮች ግን በቀላሉ ይታገዳሉ። ፀሐይ ከአድማስ በ30 ዲግሪ ከፍ ስትል ጨረሯ በከባቢ አየር ውስጥ የሚያቋርጠው መንገድ በአናት ላይ ስትሆን ከሚያቋርጠው እጥፍ ነው። በቀጥታው መንገድ ከአሥር አንድ እጁ ብቻ የሚያልፍ ጨረር፣ በእጥፉ መንገድ የሚያልፈው ከመቶ አንድ እጁ ብቻ ይሆናል። ልብስና የመስኮት መስታወትም ያግዱታል። ስለዚህ በተዘጋ መስኮት አጠገብ ፀሐይ የሚሞቅ ሕፃን ሙቀቱን እንጂ ቪታሚኑን አያገኝም።

አዲስ አበባ ፀሐይ አይጎድላትም። ይሁን እንጂ በ1997 በላንሴት መጽሔት የታተመ ጥናት በከተማዋ የሳንባ ምች የያዛቸውን 500 ሕፃናት ካልያዛቸው 500 ሕፃናት ጋር ሲያነጻጽር፣ ሪኬትስ በመጀመሪያዎቹ 210፣ በሁለተኞቹ ግን 20 ብቻ ላይ ተገኝቷል። እንግዲህ ጉዳዩ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ልማድ የዘገየበት

የእናት ጡት ወተት ተወዳዳሪ የሌለው ምግብ ቢሆንም የቪታሚን ዲ መጠኑ አነስተኛ ነው። በዚህም ምክንያት የአሜሪካ የሕፃናት ሕክምና አካዳሚ በ2003 ጡት ለሚጠቡ ሕፃናት በቀን 200 ዓለም አቀፍ ዩኒት በጠብታ እንዲሰጥ መከረ፤ በ2008 መጠኑን ወደ 400 ዩኒት፣ ማለትም ወደ 10 ማይክሮግራም ከፍ አደረገ። ነገር ግን በሲያትል አካባቢ ተካሂዶ በ2010 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ ለሚጠቡ ሕፃናት ሁሉ ጠብታውን እንደሚመክሩ የተናገሩት የሕፃናት ሐኪሞች ከሦስት አንድ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ብዙዎቹ ወላጆችም የጡት ወተት ምንም እንደማይጎድለው ያምኑ ነበር።

ልማድ የቀደመበት

በአዋቂዎች ዘንድ የሆነው ተቃራኒው ነው። በ2010 የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት በደም ውስጥ 20 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ለአጥንት ጤንነት በቂ ነው አለ። በ2011 ደግሞ የኢንዶክራይን ማኅበር በቂ የሚባለው ከ30 ጀምሮ ነው አለ። ውጤቱ በሁለቱ ወሰኖች መካከል የሆነን ሰው አንዱ ሐኪም “ደኅና ነህ” ብሎ ሲያሰናብተው፣ ሌላው ክኒን ሊያዝለት ይችላል።

ክኒኑስ ጤነኛውን ሰው ጠቀመው? በአሜሪካ 25,871 ሰዎች የተሳተፉበት ቫይታል የተሰኘ ጥናት፣ በቀን 2,000 ዩኒት መውሰድ ካንሰርንና የልብ ሕመምን እንዳልቀነሰ በ2018፣ የአጥንት ስብራትንም እንዳልቀነሰ በ2022 አሳየ። የኢንዶክራይን ማኅበርም በ2024 የ30ን ወሰን ትቶ፣ ጤነኛ አዋቂዎች በልማድ እንዲመረመሩ እንደማይመክር አስታወቀ።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ማስረጃው በጠነከረበት ልማድ ዘገየ፤ ማስረጃው በላላበት ልማድ ቀደመ። ጨቅላ ሕፃን በቤትዎ ካለ ስለ ጠብታው ሐኪሙን ይጠይቁ፤ ጤነኛ አዋቂ ከሆኑ ደግሞ “ምርመራው ለምን አስፈለገ?” ማለት ተገቢ ጥያቄ ነው። መጠኑን በራስ ሥልጣን መጨመር ግን አደገኛ ነው። ቪታሚን ዲ ከመጠን ሲያልፍ በደም ውስጥ ያለውን ካልሲየም ከፍ አድርጎ ኩላሊትን ይጎዳል። ማይክሮግራምንና ዩኒትን ማምታታት ብቻ መጠኑን 40 ጊዜ ያዛባዋል።

ለተማሪዎች መልመጃ፦ የአንድ ጤነኛ ሰው ውጤት 62.5 ናኖሞል በሊትር ነው። 1 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ከ2.5 ናኖሞል በሊትር ጋር እኩል ከሆነ፣ የ2010ሩና የ2011ዱ መመሪያዎች ስለዚህ ሰው ምን ይላሉ? የ2024ቱስ?