የአልፍሪስተን አሮጌ ቤት

በእንግሊዝ አገር በደቡብ በኩል፥ በሳሴክስ አውራጃ፥ አልፍሪስተን የምትባል መንደር አለች። በመንደሪቱ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የቄስ ቤት የሚባል አሮጌ ቤት ይገኛል። ይህ ቤት ከተሠራ ከ600 ዓመት ይበልጣል።

የቤቱ ምሰሶና አግዳሚ ኦክ ከሚባል ጠንካራ እንጨት ነው። ጠራቢዎቹ የእንጨቱን ጫፍ እርስ በርሱ አጋጥመው፥ በብረት ምስማር ሳይሆን በእንጨት ችካል አያያዙት። በምሰሶዎቹም መካከል ልምጭ እንደ ቅርጫት ጐነጐኑ፤ በላዩም ጭቃ ከጭድ ጋራ አቡክተው መረጉበት። ክዳኑ የሣር ነው።

በመካከሉ ትልቅ አዳራሽ አለ። ከአዳራሹ በላይ ፎቅ ስለሌለ፥ ቀና ብሎ የሚመለከት ሰው የጣራውን እንጨት ሁሉ ያያል። በቀድሞ ዘመን እሳቱ በአዳራሹ መካከል በመሬት ላይ ይነድ ነበረ። የጢስ መውጫ ግንብ አልነበረምና፥ ጢሱ ወደ ላይ ወጥቶ በጣራው በኩል ቀስ በቀስ ይወጣ ነበረ። የአዳራሹ ወለል ነጭ የኖራ ድንጋይ ተደቍሶ፥ እንዲጠነክርም የኮመጠጠ ወተት ፈሶበት የተሠራ ነው።

ይህ ቤት ብዙ ዘመን ሳይታደስ ስለ ቀረ እጅግ ተጐዳ፤ ሊያፈርሱትም አሰቡ። ነገር ግን የመንደሩ ቄስ ዝም አላለም፤ ቤቱን የሚያድን ሰው ፈለገ። በ1895 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናሽናል ትረስት የሚባል የታሪክ ስፍራዎች ጠባቂ ማኅበር ተቋቁሞ ነበረ። ማኅበሩም በ1896 ቤቱን በ10 ፓውንድ ገዛው። ማኅበሩ ከገዛቸው ቤቶች የመጀመሪያው ይህ ነው። የማደሱ ወጪ ከመግዣው ዋጋ እጅግ ስለ በለጠ፥ ለጋሶች ሰዎች ገንዘብ አዋጡ። ቤቱም ተጠግኖ እስከ ዛሬ ቆሟል።

አንዱን ልምጭ ብቻውን ሕፃን ልጅ ይሰብረዋል፤ ተጐንጕኖ ጭቃ ሲመረግበት ግን ግድግዳ ይሆናል። እንዲሁም የአንድ ሰው ጥቂት ገንዘብ ቤቱን ባላዳነው ነበረ፤ የብዙዎች ግን አዳነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ስለዚህ ነው። ቤትን ማፍረስ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ አባቶች በድካም የሠሩትን መጠበቅ ግን የአስተዋይ ሰው ሥራ ነው።

ጥያቄ።
1. የቤቱ ግድግዳ እንዴት ተሠራ?
2. ጢሱ በየት ይወጣ ነበረ?
3. ቤቱን ከመፍረስ ማን አዳነው?