ጥቁር አዝሙድ እና የየቲም አሳዳጊ አማና

  

በዚህ ትምህርት የምንመለከተው በየማጀታችን የማይጠፋውን ጥቁር አዝሙድ ነው። በዐረብኛ አል-ሐበቱ አስ-ሰውዳእ፣ ማለትም ጥቁሯ ፍሬ ይባላል። እናቶቻችን ከበርበሬ ጋር ያስፈጩታል፤ በዳቦም ይጨምሩታል። ጉንፋን ሲይዘን በንጹሕ ጨርቅ ቋጥረው እንድናሸተው ይሰጡናል፤ ሆድ ሲነፋም ከማር ጋር ለውሰው ያቀምሱናል። ነጭ አዝሙድ የሚባለው ግን በስም ቢዛመደውም ሌላ ተክል ነውና ገዢ ለይቶ ይጠይቅ።

አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) ባስተላለፉት፣ ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በዚህች ፍሬ ውስጥ ከሞት በስተቀር ለበሽታ ሁሉ ፈውስ እንዳለ አስተምረዋል። በዚህ እናምናለን። ጥያቄው «ለበሽታ ሁሉ» የሚለውን ዑለማእ እንዴት ተረዱት የሚል ነው። በ388 ዓ.ሂ. ያረፉት አል-ኸጣቢይ ቃሉ ጠቅላላ ቢሆንም የታለመበት ግን የተለየ እንደሆነ፣ ይኸውም ከቅዝቃዜና ከእርጥበት የሚመጡ ሕመሞችን እንደሚመለከት አስረድተዋል። በ852 ዓ.ሂ. ያረፉት ኢብኑ ሐጀር አል-ዐስቀላኒም በፈትሑል ባሪ ይህንን ከሌላ አስተያየት ጋር አስፍረውታል፤ ፍሬዋ ለሁሉም ሕመም ብቻዋን አትሰጥም፤ አንዳንዴ ለብቻዋ፣ አንዳንዴ ከሌላ ጋር ተቀይጣ፣ አንዳንዴ ተበልታ፣ አንዳንዴም ተለጥፋ ታገለግላለች የሚል ነው። በሁለቱም አስተያየት ሕመሙን ማወቅ ይቀድማል። ወላሁ አዕለም።

ይህንኑ በቡኻሪ ዘገባ ውስጥ በግልጽ እናገኘዋለን። ጋሊብ ኢብኑ አብጀር በጉዞ ላይ ታሞ መዲና ሲደርስ ኢብኑ አቢ ዓቲቅ ሊጠይቀው መጣ። አምስት ወይም ሰባት ፍሬ ወስደው እንዲወቅጡ፣ ከዘይት ጠብታ ጋር በአፍንጫው ቀዳዳዎች እንዲያንጠባጥቡለት ነገራቸው፤ ከዚያም ሐዲሱን ከዓኢሻ (ረ.ዐ.) መስማቱን ገለጸ። ልብ እንበል፤ ፍሬው በቁጥር ነው፤ አሰጣጡም የታወቀ ነው፤ በሽተኛውም አዋቂ ሰው ነው። በዘመናችንም ተመራማሪዎች ቲሞኪኖን የተባለውን የፍሬውን ንጥረ ነገር ያጠናሉ። በደም ስኳርና በአስም ላይ መጠነኛ ጥቅም ያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ ይሁንና ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት የሚተካ ሆኖ አልተገኘም።

ይህንን ያነሳነው በከንቱ አይደለም። ወደ የቲሞች ቤት ስንዘልቅ ለሳምንታት የሚያስል ልጅ፣ በአጠገቡም አዝሙድና ማር የያዘች አያት እናገኛለን። ኒያዋ ንጹሕ ነው፤ ፍቅሯም አያጠራጥርም። ነገር ግን ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል የሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ስለሚችል መመርመር አለበት፤ የዚህ በሽታ መድኃኒት ደግሞ በሀገራችን በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ይሰጣል። የአዋቂ ሰው ውሳኔ በራሱ ላይ ነው፤ የየቲም አካል ግን በአሳዳጊው እጅ ያለ አማና ነው። የገጠር ዐረቦች ስለ መታከም በጠየቁ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንዲታከሙ አዘዋቸዋል። ሕክምና ሳያውቅ ያከመ ሰውም ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ ተምረናል።

ከዚህ የከፋው ደግሞ ስኳርንም፣ ካንሰርንም፣ ኤች.አይ.ቪንም ይፈውሳል እየተባለ በውድ ዋጋ የሚሸጠው የዘይት ጠርሙስ ነው። የሐዲሱን ክብር ለንግድ ማዋል ነው እንላለን። ለልጁ ቀለብና ደብተር የተሰጠ ገንዘብ በዚህ ሲጠፋ፣ ሱረቱ አን-ኒሳእ በ10ኛው አንቀጽ የየቲምን ገንዘብ በግፍ ስለሚበሉ ሰዎች የምትሰጠውን ማስጠንቀቂያ ሻጩ ሊፈራ ይገባዋል።

አዝሙዱን ከገበያ ባልተፈጨበት መልኩ ገዝቶ፣ ለቅሞና አጥቦ፣ በደንብ አድርቆ ማስቀመጥ፣ በሚፈለግበት ጊዜ ብቻ መውቀጥ ይበጃል፤ ተፈጭቶ የቆየ መዓዛውን ያጣል። ለጉንፋን ማሽተት፣ በምግብ ላይ በቁንጥር መጨመር በቂ ነው። አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር ፈጽሞ አይሰጥም፤ ከባድ መመረዝ ሊያስከትል ይችላልና። በሕፃን አፍንጫም ዘይት አይንጠባጠብ፤ ወደ ሳንባ ከገባ ይጎዳል። ነፍሰ ጡር ሴት በምግብ ውስጥ ከተለመደው አታብዛ። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ለሐኪሙ ሳይነግር አዝሙዱን እንደ መድኃኒት አይጀምር፤ ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድበት ይችላል።

ትንፋሹ የፈጠነ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ፣ የሚያንቀጠቅጠው፣ ወይም መጥባትና መጠጣት ያቃተው ልጅ ግን ሌሊትም ቢሆን ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። የመጓጓዣ ገንዘብ ያጠረው አሳዳጊ ለአካባቢው የማኅበሩ ተጠሪ ቢያሳውቅ ነውር የለበትም።