ገጣባ አህያ እንዴት ትድናለች?

በወላይታ አህያ የማትታይበት ገበያ የለም። በገበያ ቀን ወደ ሶዶ፣ ወደ ቦዲቲና ወደ አረካ በሚወስዱት መንገዶች ላይ በቆሎውን፣ ድንቹንና ማገዶውን ተሸክማ የምትሄደው አህያ ናት። ውሃም ታመጣለች። እሷ ከወደቀች ጀሪካኑ ወደ እናቶችና ወደ ልጆች ጀርባ ይመለሳል። ውሃ የምትቀዳው ልጅም ከትምህርት ትቀራለች።

ነገር ግን ብዙ ሰው፣ «አህያ አይደለች እንዴ? ምን ትሆናለች!» ይላል። ይህ ስሕተት ነው። አህያ ሕመሟን ትደብቃለች። ቆስላም ርቧትም ራሷን ደፍታ፣ ጆሮዋን ጥላ ትቆማለች። ዝም አለች ማለት ደህና ናት ማለት አይደለም።

በጭነት ምክንያት ጀርባዋ የቆሰለ አህያ ገጣባ ትባላለች። የተጎዳች፣ የከሳችና ገጣባ የሆነች አህያ በቶሎ ከተያዘች ልትድን ትችላለች። እንዴት?

፩. ጭነቱን ማቆም
ቁስሉ ላይ እየተጫነ የሚድን ጀርባ የለም። ቁስሉ በአዲስ ቆዳ ተሸፍኖ እስኪጠነክር ድረስ አህያዋ ትረፍ። ይህ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። «ታዲያ ውሃውን ማን ያመጣል?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ ችግር ነው። ከጎረቤት ጋር ተስማምቶ አህያ መዋስ፣ ኋላም በተራ ውለታውን መመለስ ይቻላል። የጥቂት ሳምንት ችግር አህያን ለዘለዓለም ከማጣት ይሻላል።

፪. ቁስሉን ማጠብ
በመጀመሪያ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። አንድ ሊትር ውሃ አፍልታችሁ አቀዝቅዙ። ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሩበት። በዚህ ውሃ ንጹሕ ጨርቅ እየነከራችሁ ቁስሉን ቀስ አድርጋችሁ በየቀኑ እጠቡ። የተቃጠለ ዘይት፣ የባትሪ አሲድ ወይም እበት አትቀቡ። በጋለ ብረትም አትተኩሱ። እነዚህ ቁስሉን ያብሱታል። ቁስሉ ትል ካፈራ፣ ከሸተተ ወይም ከጠለቀ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይየው።

፫. ቀስ በቀስ መመገብ
በረሀብ የተጎዳችን አህያ በአንድ ቀን ማጥገብ አይቻልም። ብዙ እህል በድንገት ከበላች ሆዷን ይነፋታል፣ እግሯንም ያሳምማታል። ሣርና ጭድ ጥቂት ጥቂት እያደረጋችሁ በቀን ብዙ ጊዜ ስጧት። ንጹሕ ውሃ ምን ጊዜም ከፊቷ አይጥፋ። አንድ ቀን ሙሉ መብላት ካቆመች ግን ነገሩ ከባድ ነውና ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ እንስሳት ጤና ኬላ ውሰዷት።

፬. የክሳቷን ምክንያት መፈለግ
እየበላች የምትከሳ አህያ የሆድ ትል ሊኖራት ይችላል። ያኘከችውን ከአፏ የምትጥል ከሆነ ጥርሷ ታሞ ሊሆን ይችላል። ወደ ቆላ የወረደች እንደሆነ ደግሞ ገንዲ ሊሆን ይችላል። ገንዲን የሚያስተላልፈው ደም የሚመጥ የቆላ ዝንብ ነው። በሬን ብቻ ሳይሆን አህያንም ይይዛል። መድኃኒቱ የሚሰጠው በክብደቷ ተለክቶ ስለሆነ ከገበያ ገዝታችሁ በግምት አትስጡ። ለሃጯን የምታዝረከርክና ጠባይዋ የተለወጠ አህያ ካለች እጃችሁን ወደ አፏ አታስገቡ። የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል።

፭. ማሳደሪያና ጓደኛ
የአህያ ፀጉር ዝናብ አይመልስም። ስለዚህ ከዝናብ፣ ከብርድና ከጅብ የሚከላከል ደረቅ በረት ያስፈልጋታል። አህያ ጓደኛዋን ትወዳለች። ከለመደቻት አህያ ከተለየች በኀዘን መብላት ልታቆም ትችላለችና አትለያዩአቸው።

ከዳነች በኋላስ?
ያው ጭነት ከተመለሰ ያው ቁስል ይመለሳል። ጭነቷ ከክብደቷ ሢሶ አይብለጥ። 120 ኪሎ የምትመዝን አህያ ከ40 ኪሎ በላይ አትጫን። እንግዲህ አንድ ኩንታል በአንዲት አህያ ላይ መጫን ምን ያህል በደል እንደሆነ አስቡት! በጭድ ወይም በደረቀ የእንሰት ቅጠል የተሞላ ወፍራም ድልዳል ከጭነቱ ሥር ይደረግ። ድልዳሉ በግራና በቀኝ ጎኗ ይረፍ እንጂ የጀርባ አጥንቷን አይጫን። የናይለን ገመድ ቆዳ ይቆርጣልና በሥሩ ጨርቅ አድርጉበት።

አህያ ደመወዝ አትጠይቅም። ዕረፍት፣ ሣርና ውሃ ግን ዋጋዋ ነው። ዋጋዋን የከለከላት ሰው ኋላ ሸክሙን ራሱ ይሸከማል።

ጥያቄዎች
1. ዝም ብላ የቆመች አህያ ሁልጊዜ ደህና ናት ወይ? ለምን?
2. ለቁስል ማጠቢያ የሚሆን የጨው ውሃ እንዴት ይዘጋጃል?
3. 90 ኪሎ የምትመዝን አህያ ስንት ኪሎ ድረስ ልትጫን ትችላለች?
4. ዛሬ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ የአህያችሁን ጀርባ በእጃችሁ ዳብሱ። ምን አገኛችሁ?