ተቆርጦ ስለሚሸጥ አበባ ንግድ
ለመንዝ፣ ለግሼና ለመርሐ ቤቴ ደጋ የሚስማማ ትምህርት

ከንግድ ዕቃዎች መካከል እንደ አበባ ዕድሜው ያጠረ ጥቂት ነው። እህል በጎተራ፣ ቆዳም ጨው ተነስንሶበት የተሻለ ዋጋ ሊጠብቅ ይችላል። የተቆረጠ አበባ ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ካልተሸጠ ከገለባም ያነሰ ነው፤ ገለባስ ለከብት ይሆናል። ስለዚህ የአበባ ነጋዴ ሒሳቡን የሚጀምረው ከማሳው ሳይሆን ከሚሸጥበት ቀን ነው።

ስለ ጊዜውና ስለ ሥፍራው

የዐደይ አበባ ገበያ የሚደምቀው በክረምቱ ማብቂያ ነው። ከእንቁጣጣሽ ዋዜማ እስከ መስከረም 17 ቀን፣ ማለትም እስከ መስቀል በዓል ድረስ፣ ዐደይ አበባና ቄጤማ በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች በየመንገዱ ይሸጣሉ። በደጋው ግን ዐደይ አበባ ሜዳውን ይሞላዋል፤ በደጁ የሚያገኘውንም በገንዘብ የሚገዛ ሰው አይገኝም። ስለሆነም ገዢው የሚፈለገው በደብረ ብርሃን፣ እንደዚሁም ከዚያ 130 ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኘው በአዲስ አበባ ነው። ከበዓሉ ማግስት የሚደርስ ጭነት ምንም ያህል መልካም ቢሆን ፈላጊ የለውም።

ስለ ቅዝቃዜ ጥቅም

አበባ ከተቆረጠ በኋላም ይተነፍሳል። ሙቀቱ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር አተነፋፈሱ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ስለሚፈጥን ያጠራቀመውን ምግብ ቶሎ ይጨርሳል። ወደ ውጭ አገር የሚልኩ ነጋዴዎች በማቀዝቀዣ መኪና የሚገዙትን ቅዝቃዜ፣ ከፍታው ከ3000 ሜትር የሚበልጠው የመሐል ሜዳ ሌሊት ያለ ዋጋ ይሰጣል። ስለዚህ አበባውን ወደ ማታ ቆርጦ፣ ሌሊቱን በውሃ አሳድሮ፣ ንጋት ላይ መጫን ይገባል። ከመርሐ ቤቴ የሚነሣው ጭነት የጀማን ሸለቆ የሚያቋርጥ ከሆነ ቆላው ሳይሞቅ ሊሻገር ያስፈልገዋል።

ስለ አቆራረጥና አያያዝ

1ኛ/ ዐደይ አበባ ሙሉ በሙሉ ሲፈካ፣ ጽጌረዳ እምቡጡ መላላት ሲጀምር፣ ግላዲዮለስም የታችኞቹ እምቡጦች ቀለማቸውን ሲያሳዩ ይቆረጣል።

2ኛ/ በስለታም ቢላዋ ተቆርጦ ወዲያውኑ ንጹሕ ውሃ ባለበት ባልዲ ይነከራል። ውሃ ውስጥ የሚገቡት ቅጠሎች ይነቀሳሉ፤ ቢበሰብሱ የሚራባው ባክቴሪያ የአገዳውን የውሃ መንገድ ይደፍናልና።

3ኛ/ ከበሰለ ሙዝና ከመሰል ፍራፍሬ ጋር አይጫንም። ፍሬው ሲበስል የሚያወጣው ኤቲሊን የተባለው ጋዝ ብዙ ዐይነት አበባን ያጠወልጋል።

ስለ ዋጋ አተማመን

ለምሳሌ አንድ ነጋዴ 100 እስር አበባ እያንዳንዱን በ10 ብር ቢገዛ፣ ለማጓጓዣና ለልዩ ልዩ ወጪ 300 ብር ቢከፍል፣ ጠቅላላ ወጪው 1300 ብር ነው። አንዱ እስር 13 ብር ወጣበት ብሎ በ15 ብር ቢሸጥ ያተረፈ ይመስለዋል። ነገር ግን 20 እስር ከጠወለገ ወጪውን የሚሸከሙት 80ዎቹ ናቸው፤ አንዱም 16 ብር ከ25 ሳንቲም ይወጣበታል። በ15 ብር ሲሸጥ 1200 ብር ብቻ ያገኛል፤ 100 ብርም ይከስራል። ስለዚህ የሚጠወልገው አስቀድሞ በሒሳብ ሊገባ ይገባል።

ስለ ጥንቃቄ

ዐደይ አበባ በየዓመቱ ከዘሩ የሚበቅል ስለሆነ፣ ሜዳው ሁሉ ቢታጨድ ለከርሞ ይሳሳል። መንዝ የጓሳን ሣር ቄሮ በተባለው ሥርዓት እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ድረስ ጠብቆ የኖረ አገር ነው፤ ጓሳ ዛሬም በማኅበረሰቡ ጥበቃ ሥር ይገኛል። ነጋዴም ከጥብቅ ሥፍራ ሳይሆን ከገበሬው ጓሮና ከማሳው ዳር ይግዛ፤ ለዘር የሚሆነውም ይተው።

በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ የአውሮፓን ገበያ ባቀዘቀዘ ጊዜ፣ ታላላቆቹ የአገራችን አበባ አምራቾች እንኳ ጽጌረዳቸውን እስከ መጣል ደርሰዋል። አነስተኛው ገበሬ እንዲህ ያለውን ጉዳት የሚችልበት አቅም የለውም። ስለዚህ ባለ ሱቁ የሚፈልገውን የእስር ብዛት ከበዓሉ አስቀድሞ ለገበሬው ያስታውቅ፤ ከዋጋውም ከፊሉን ቀብድ ይስጥ። ገበሬውም የታዘዘውን ያህል ብቻ ይቁረጥ። እንዲህ ሲሆን ኪሳራው በአንድ ወገን ላይ ብቻ አይወድቅም፤ በሚመጣውም ዓመት ሁለቱ እንደገና ለመገበያየት ይፈላለጋሉ።