የቡድን 8 እና የቡድን 20 ጉባኤ ለእኛ ምናችን ነው?



ዴንቨር መሀል ከተማ ያለው ዋናው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ለብዙዎቻችን የጥናት ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በጁን 1997 ግን ክሊንተን ሌሎቹን የኃያላን አገሮች መሪዎች ተቀብለው ያነጋገሩት እዚያው ነበር። ሩሲያ አብራ ብትቀመጥም፣ በገንዘብ ጉዳዮች ላይ ሰባቱ ለብቻቸው መግለጫ አወጡ። ስለ አፍሪካ ልማትም ተነጋገሩ፤ በጠረጴዛው ዙሪያ ግን አንድም የአፍሪካ አገር አልነበረም።

እነዚህ መድረኮች እንዴት ይሠራሉ? እኔ በሦስት ነጥብ እከፍለዋለሁ።

አንደኛ፣ ቡድን 7ም ሆነ ቡድን 20 እንደ ተባበሩት መንግሥታት ቻርተር ወይም ቋሚ ጽሕፈት ቤት የላቸውም። ሊቀመንበርነቱ በየዓመቱ ይዞራል፤ አጀንዳውን የሚያዘጋጀውም ባለተራው አገር ነው።

ሁለተኛ፣ ዋናው ድርድር ከጉባኤው በፊት ያልቃል። በሂማላያ ተራራ መንገድ መሪዎች ስም «ሼርፓ» የሚባሉ የመሪዎች ተወካዮች በመግለጫው ላይ ለወራት ይከራከራሉ።

ሦስተኛ፣ ውሳኔው በድምፅ ብልጫ ሳይሆን በስምምነት ነው፤ በሕግም አያስገድድም። ጉልበት የሚያገኘው አባላቱ በየአገራቸውና እንደ አይኤምኤፍ ባሉ ተቋማት ሲፈጽሙት ነው።

ይህ ከእኛ ኪስ ጋር ምን ያገናኘዋል? ቡድን 20 በኖቬምበር 2020 ለድሃ አገሮች የብድር ሽግሽግ «የጋራ ማዕቀፍ» አወጣ። ኢትዮጵያ በ2021 አመለከተች። ጉዳዩን የያዘው ፈረንሳይና ቻይና በጋራ የሚመሩት የአበዳሪ አገሮች ኮሚቴ ነው። አበዳሪዎች ብድር ከማሸጋሸጋቸው በፊት የአይኤምኤፍ ፕሮግራም ይጠብቃሉ። በጁላይ 2024 መንግሥት ብር በገበያ እንዲተመን አደረገ፤ አይኤምኤፍም የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ፕሮግራም አጸደቀ። ከኮሚቴው ጋር የመግባቢያ ሰነድ የተፈረመው በ2025 ነው፤ ከማመልከቻው አራት ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ከአውሮራ የምንልከው 100 ዶላር በባንክ በኩል በወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ብር ማውጣት የጀመረው ከዚህ የተነሳ ነው። ከውጭ የሚገባ መድኃኒትና ዘይት የሚገዛው ቤተሰባችን ግን ብሩ ሲረክስ የዋጋው ጫናም አብሮ ደረሰበት።

በ2023 የአፍሪካ ኅብረት የቡድን 20 አባል ሆኗል። ወንበር ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ ረቂቁን ማርቀቅ ደግሞ ሌላ። ስለዚህ የጉባኤ መግለጫ ስታነቡ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ማን አረቀቀው? ማን ያስፈጽመዋል? ዋጋውን የሚከፍለውስ ማን ነው?